የግቢ ውሻን ጠባይ ማስተማር፦ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ እስከ በር ላይ እንግዳ አቀባበል

«ይሄ ውሻ ምንም አልተማረም» ሲባል ይሰማል። ያልተማረ ውሻ ግን የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሮጦ የሚወጣው፣ በእንግዳ ነጠላ ላይ ጭቃ እግሩን የሚያሳርፈው፣ ሲጠሩት ራቅ ብሎ ቆሞ የሚያየው ውሻ ይህን ሁሉ የተማረው ከቤተሰቡ ነው፤ ቤተሰቡ እያስተማረው መሆኑን አላወቀም እንጂ። ውሻ ቀኑን ሙሉ አንድ ሂሳብ ያሰላል፦ ይህን ሳደርግ ምን አገኘሁ? ያተረፈበትን ይደግማል፣ ያላተረፈበትን ቀስ በቀስ ይተዋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ሂሳብ እኛ ወደምንፈልገው ማዞር ነው። ለ8 ሳምንት ቡችላም ለአምስት ዓመት ውሻም ይሠራል። አዋቂው የቆየ ልማድ ስላለው ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይማራል።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ ጤናው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ይደገማል። ከዚያ ወዲያ በስንት ጊዜ እንደሚደገም የእንስሳት ሐኪሙ እንደ ክትባቱ ዓይነት ይነግርዎታል። ቡችላ የሚፈጁት ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉ በሽታዎች ደግሞ ክትባታቸው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። ያ እስኪያልቅ ቡችላውን ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚውሉበት መሬት ላይ አያስረግጡት።

ይህ ማለት ግን ግቢ ውስጥ ይዘጋበት ማለት አይደለም። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ «ይህ የሚያስፈራ ነው፣ ይህ የማያስፈራ ነው» ብሎ ዓለምን የሚለይበት ነው። ስለዚህ ታቅፈው ያውጡት። የባጃጅ ድምፅ ይስማ፤ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይይ። አዲስ ነገር ባየ ቁጥር አንድ ጉርሻ ይስጡት። በዚህ ዕድሜው ከሰው ተደብቆ ያደገ ቡችላ በኋላ ጀግና አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል። ሰው የሚነክሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፈሪው ውሻ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ያለ የአንገት ማሰሪያ፣ 2 ሜትር የሚሆን ጠንካራ ገመድ፣ ለጥሪ ልምምድ 10 ሜትር ቀላል የፕላስቲክ ገመድ፣ አንድ ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ፣ ክዳን ያለው የጉርሻ ዕቃ። ሲጎተት አንገት የሚያንቅ ሰንሰለት አያስፈልግም።

ጉርሻው

ለውሻ ክፍያ የሚሆነው ምግብ ትንሽ፣ ለስላሳና ቶሎ የሚዋጥ መሆን አለበት። መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው። ከዚያ ከበለጠ ውሻው ሲያኝክ ትምህርቱን ይረሳል፣ ቶሎም ይጠግባል። ጥሩውና ርካሹ ከሉካንዳ የሚገኝ ሳንባ ወይም ጉበት ነው። ጥሬውን ግን አይስጡ። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ የሚመስል እጢ ይገኛል፤ ያ የትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከሰገራው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ከባድ በሽታ ያስከትላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሚፈላ ውሃ ቀቅለው፣ አቀዝቅዘው ይክተፉትና በትናንሽ ፌስታል ከፍለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ።

በጾም ወቅት ሥጋ የማይገባበት ቤት ከሆነ ቀድሞ ቀቅሎ ማቀዝቀዝ ይቻላል። አለዚያም የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ካሮት ወይም የተገዛ ደረቅ የውሻ ምግብ ይሆናል። ለቀላል ልምምድ ካሮት ይበቃል፤ መንገድ ላይ ሌላ ውሻ እያየ «ና» ሲሉት ግን ካሮት አይመጣጠንም፣ ያኔ ጉበት ያስፈልጋል።

የወጥ ትራፊ ከጉርሻም ከምግብም ይውጣ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ሲበስሉም ጉዳታቸው አይጠፋም፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ እሾህ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በፋሲካና በገና ማግስት ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ቃላቱን መምረጥ

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ችግር ያመጣል። አባት «ተቀመጥ»፣ እናት «ቁጭ በል»፣ ልጅ «ቁጭ በላ» ሲሉት ውሻው ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነው የሚሰማው። ውሻዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ግማሹ ሰው «ተቀመጪ» ግማሹ «ተቀመጥ» ይላታል። ውሻ ሰዋስው አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ለወንድም ለሴትም የማይለወጡ አጫጭር ቃላት ይመረጣሉ። «ቁጭ» ለመቀመጥ፣ «ጋደም» ለመተኛት፣ «ቆይ» ባለበት ለመጠበቅ፣ «ተው» አትንካ ለማለት፣ «ልቀቅ» አፉ ውስጥ ያለውን ለመጣል፣ «ጸጥ» ጩኸት ለማቆም። «ቆይ»፣ «ተው» እና «ልቀቅ» ለሴት ውሻ «ቆዪ»፣ «ተይ»፣ «ልቀቂ» ይሁኑ ካላችሁ ይሁኑ፤ ዋናው ሁሉም ሰው አንዱን መያዙ ነው።

የማሰናበቻ ቃልም ያስፈልጋል፦ «አሁን ጨርሰሃል፣ ሂድ ተጫወት» የሚል ትርጉም ያለው። «በቃ» እና «እሺ» ቤት ውስጥ በደቂቃ አሥር ጊዜ ስለሚባሉ አይሆኑም። «ነጻ» የሚለው ይሻላል፤ አጭር ነው፣ በተራ ወሬ መካከልም ብዙ አይሰማም። በዚሁ ምክንያት «ና» የሚለውን ቃል ብቻውን ከመጠቀም ስሙን አስቀድሞ «ቦቢ፣ ና» ማለት ወይም አንድ ዓይነት ፉጨት መምረጥ የተሻለ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጆች «ና» ሲባሉ የሚሰማ ውሻ ቃሉን እንደ ነፋስ ድምፅ ይለምደዋል። ፉጨትን ግን ማንም ለሌላ ጉዳይ አይጠቀምበትም።

ከውሻው ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ብዙ ጊዜ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ቃላቱን በወረቀት ጽፈው ኩሽናው በር ላይ ይለጥፉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ልምምዶችም እነሱ ባሉበት ያድርጉ። እነሱ ሳያውቁ የሚሰጥ ትምህርት በየማታው ይፈርሳል።

መሠረቱ፦ «ጎሽ»

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን ውሾቹ ምግብ መምጣቱን የሚያበስር ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ለሃጫቸው መውረዱን በማሳየቱ ነው። እኛም የምንፈልገው እንዲህ ያለ ድምፅ ነው፦ «ልክ አሁን ያደረግከው ነው፣ ክፍያህ እየመጣ ነው» የሚል። ለዚህ ከ«ጎሽ» የተሻለ ቃል የለም።

አሥራ አምስት ጉርሻ ይቁጠሩ። ጸጥ ባለ ቦታ ውሻው ፊት ይቁሙ። «ጎሽ» ይበሉ፣ ወዲያው አንድ ጉርሻ ይስጡ። ምንም አያዝዙት። አምስት ሰኮንድ ቆይተው ይድገሙ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ቀን። ከዚያ ውሻው ወደ ሌላ ሲመለከት «ጎሽ» ይበሉ። አንገቱን ቀልበስ አድርጎ ወደ እጅዎ ካየ ቃሉ ገብቶታል።

ሁለት ስህተቶች ይበዛሉ። አንደኛው እጅን ወደ ጉርሻው ልኮ ከዚያ «ጎሽ» ማለት ነው፤ ውሻው እጅዎን ያያል እንጂ ቃሉን አይሰማም። ቃሉ ይቅደም፣ እጅ ይከተል። ሁለተኛው መዘግየት ነው። ውሻው ተቀምጦ፣ ተነስቶ፣ ዞሮ ሳለ «ጎሽ» ካሉት የከፈሉት ለመዞሩ ነው። ቃሉ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቅጽበት መውጣት አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ልምምድ ሁሉ ከምግብ በፊት፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ጊዜ ከማስጨነቅ ይልቅ ይህ በእጅጉ ይበልጣል። በልምምድ የሚሰጠው ምግብ ከዕለቱ ቀለብ ይቀነስ፣ አለዚያ ውሻው ይወፍራል።

ቁጭ

1. ጉርሻውን በሦስት ጣት ይዘው አፍንጫው ላይ ያስጠጉ።
2. እጅዎን ቀስ አድርገው ከአፍንጫው ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ያሳልፉ። ጭንቅላቱ ቀና ሲል ቂጡ ይወርዳል።
3. መሬት እንደነካ «ጎሽ»፣ ጉርሻ።
4. አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ በባዶ እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ ያድርጉ፤ ጉርሻው ከሌላኛው እጅ ይምጣ። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ውሻው «ምግብ ካላየሁ አልቀመጥም» የሚል ይሆንበታል።
5. በባዶ እጅ ከአሥር ዘጠኙን ሲቀመጥ ብቻ ቃሉን ይጨምሩ። መጀመሪያ «ቁጭ»፣ ከአንድ ሰኮንድ በኋላ የእጅ ምልክቱ።

ወደ ላይ ከዘለለ እጅዎ ከፍ ብሏል። ወደ ኋላ ከሄደ ግድግዳ አስደግፈው ይሞክሩ። ወገቡን ተጭነው አያስቀምጡት፤ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል፣ የቡችላ ዳሌም ለዚያ አልተሠራም። ቃሉን ደግሞ አንዴ ብቻ ይበሉ። «ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ በል እንጂ!» የሚባል ውሻ ትእዛዙ አራት ቃል ነው ብሎ ይማራል፣ አራተኛውንም ይጠብቃል።

ጋደም

ከተቀመጠበት ጉርሻውን ከአፍንጫው ቀጥ አድርገው በፊት እግሮቹ መካከል ወደ መሬት ያውርዱ፣ ከዚያ መሬት ለመሬት ወደ ራስዎ ይሳቡት። ክርኖቹ መሬት ሲነኩ «ጎሽ»። ቂጡን ካነሳ በፍጥነት ስበዋል። ቀዝቃዛ ወይም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እምቢ ቢል ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ጆንያውን ያንጥፉለት። ያ ጆንያ በኋላ «ቦታህ» ሲባል የሚሄድበት ስፍራ ይሆናል፦ ወደ ጆንያው ጉርሻ ይወርውሩ፣ አራት እግሩ ሲረግጥ «ጎሽ»፣ ከዚያ «ጋደም»።

ና

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በር ሳይዘጋ ቢያመልጥና መኪና ቢመጣ ሕይወቱን የሚያተርፈው ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው። በአብዛኛው ግቢ ግን ከሁሉ በላይ የተበላሸውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ውሻው ማታ ተፈትቶ ያድራል፣ ጠዋት «ና» ተብሎ ይጠራና ሲመጣ በሰንሰለት ይታሰራል። በሳምንቱ «ና» ማለት «ሰንሰለት» ማለት ይሆናል። ከዚያ ዘበኛው ግቢውን ሲዞር ያረፍዳል፣ ውሻውም በሦስት ሜትር ርቀት ይጠብቀዋል። ውሻው አልደነቆረም፣ ሂሳቡን አስልቷል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ጠርተው ውሻው የማይወደውን ነገር አያድርጉ። ለማሰር፣ ለማጠብ፣ መድኃኒት ለመስጠት፣ ለመቆጣት ከሆነ አይጥሩት፤ ሄደው ያምጡት። ሲጠሩት ዘግይቶ ቢመጣም፣ ጫማ አኝኮ ቢመጣም፣ ሲደርስ ጉርሻ ይሰጠዋል። ሲመጣ የሚመታ ውሻ የሚማረው ጫማ አለማኘክን ሳይሆን አለመምጣትን ነው።

ቃሉ ቀድሞውኑ ከተበላሸ ይጣሉትና በአዲስ ፉጨት ይጀምሩ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ በ2 ሜትር ርቀት፦ ፉጨት፣ ሲመጣ «ጎሽ»፣ ሦስት ጉርሻ በተከታታይ፣ «ነጻ»። በቀን አሥር ጊዜ። ሦስት ቀን ሲሞላ 5 ሜትር፤ ከዚያ ከሌላ ክፍል፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ። ከግቢ ውጪ በ10 ሜትሩ ገመድ ብቻ። ገመዱ ለመጎተት አይደለም፤ ውሻው ሳይመጣ ሌላ ደስታ እንዳያገኝ ነው። ሲመጣ የአንገቱን ማሰሪያ በእጅዎ ይንኩና ከዚያ ጉርሻ ይስጡ። ይህ ካልተለማመደ አጠገብዎ ደርሶ እጅ ሲዘረጋ የሚሸሽ ውሻ ይሆናል።

ቢያመልጥ አያሳዱት። ማሳደድ ለእሱ ጨዋታ ነው፣ ሁሌም ያሸንፋል። ፊትዎን አዙረው ወደ ተቃራኒው ይሩጡ፣ ወይም መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው የሆነ ነገር እንዳገኘ ሰው ይቆፍሩ። ብዙ ውሻ ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

ጠዋት ማሰር ግድ ከሆነ ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ በ«ነጻ» ይለቁ። ቁርሱንም የሚታሰርበት ቦታ ላይ ይስጡት፤ እየበላ ሳለ ይታሰራል።

ቆይ

ሦስት ነገር ይጨምራል፦ ጊዜ፣ ርቀትና የሚያዘናጋ ነገር። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የጨመረ ይወድቃል። በመጀመሪያ ፊቱ ቆመው 1 ሰኮንድ፣ 3፣ 5፣ 10፤ ሠላሳ ሰኮንድ ሲደርስ ጊዜውን ወደ 3 ሰኮንድ መልሰው አንድ እርምጃ ይራቁ። ጉርሻውን ለመስጠት እርስዎ ወደ እሱ ይመለሱ። ከቦታው ጠርተው ከሰጡት ግን መነሳቱን ይጠብቃል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተነሳ የጠየቁት በዝቷል ማለት ነውና በግማሽ ይቀንሱ። ሲያበቃ «ነጻ» ማለትን አይርሱ፤ ካልተነገረው መቼ እንደሚያበቃ ራሱ ይወስናል።

ተው እና ልቀቅ

መንገድ ላይ የሚጣል ምግብና የአይጥ መርዝ ባለበት ከተማ «ተው» ቅንጦት አይደለም። ጉርሻ በእጅዎ ይዘው ይጨብጡ። ይልሳል፣ በእግሩ ይጭራል፣ ይነካክሳል፤ ዝም ይበሉ። አፍንጫውን ባነሳበት ቅጽበት «ጎሽ» ብለው ከሌላኛው እጅ ይክፈሉ። የተጨበጠውን በፍጹም አይስጡት። ቀጥሎ መዳፍዎን ይክፈቱ፣ ሊወስድ ሲል ይዝጉ። ከዚያ መሬት ላይ፣ እግርዎ ሊሸፍነው በሚችል ቦታ። ሳያመነታ ሲተው «ተው» የሚለውን ቃል ይጨምሩ።

አፉ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ በልውውጥ ይወጣል። የተሻለ ነገር አፍንጫው ላይ ያሳዩት፣ ሲጥል «ጎሽ»። ከመንጋጋው ፈልቅቆ መውሰድ ውሻውን ቶሎ መዋጥ ያስተምረዋል። በምግብ ሳህኑ ላይ ለሚያጉረመርም ውሻም መንገዱ ይኸው ነው፦ ራቅ ካለ ቦታ አልፎ አልፎ ከሳህኑ ያለው ምግብ የሚበልጥ ቁራሽ ይወርውሩለትና ይሂዱ። የሰው መምጣት ማትረፍ እንጂ መነጠቅ አለመሆኑን ይማራል። ማጉረምረሙን ግን አይቅጡ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ዝም የተሰኘ ውሻ ቀጣዩን ያለ ማስጠንቀቂያ ይነክሳል። የሚበላ ውሻ አጠገብ ልጅ አይጠጋ፤ የሰለጠነ ቢሆንም።

በገመድ መራመድ

መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ግቢ ውስጥ ይጀምሩ። ገመዱ ሲላላ ይራመዱ፤ ሲወጠር ቀጥ ብለው ይቁሙ። አይጎትቱ፣ አይናገሩ። ዞር ብሎ ሲያይዎ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል፤ «ጎሽ»፣ በእግርዎ አጠገብ ጉርሻ፣ ጉዞ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ አሥር እርምጃ ላይሄዱ ይችላሉ፤ የተለመደ ነው። አንድ ቀን እየቆሙ ሌላ ቀን ስለቸኮሉ ሲጎትት መከተል ግን ከምንም ይብሳል፤ «አንዳንዴ ይሠራል» ከሚል ትምህርት የሚጠነክር የለም።

ለመውጣት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ መኪና ሳይበዛ ጥሩ ነው። የመንገድ ውሾች ከመጡ ገመዱን አያሳጥሩ፤ የተወጠረ ገመድ ለውሻዎ አደጋ እንዳለ ይነግረዋል። አይሩጡም። በቅስት ዞረው ይለፉ፣ ከሩቅ ሳለ ጉርሻ ይስጡ፣ አስፈላጊ ከሆነም አንድ እፍኝ ጉርሻ ወደ መጡት ውሾች በትነው ይራቁ።

እንግዳ ሲመጣ

ውሻ የሚዘለው ፊት ለመድረስ ነው፤ ቡችላ ሳለ «እንዴት ያምራል» እየተባለ የተፈቀደለት ነገር 30 ኪሎ ሲሆን በደል ይሆናል። ሲዘል መግፋትና መጮህ ለእሱ ትግል የተሞላ ጨዋታ ነው። የሚሠራው ይህ ነው፦ ጀርባ መስጠት፣ እጅ ማጠፍ፣ ዝም ማለት። አራት እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው «ጎሽ»፣ ጉርሻውም ዝቅ ብሎ ከአገጩ በታች። ቤተሰቡ ሁሉ በእያንዳንዱ መግቢያና መውጫ ይህን ካደረገ በሁለት ሦስት ሳምንት ለውጡ ይታያል። በመካከሉ ለጥቂት ቀን መዝለሉ ይብሳል፤ የቆየው ዘዴ ለምን እንደከሸፈ እየሞከረ ነውና አይሸነፉ።

የእንግዳ አቀባበሉን በልምምድ ይገንቡት። የጉርሻውን ዕቃ በሩ አጠገብ ይስቀሉ። አንድ የቤት ሰው ውጪ ወጥቶ በሩን ያንኳኳ፣ እርስዎ ውሻውን በገመድ ይዘው «ቁጭ» ይበሉ፣ በሩ በትንሹ ይከፈት። ከተነሳ በሩ ይዘጋል። ከተቀመጠ ይከፈታል፣ ሰውየው ይገባል፣ ጉርሻ ይሰጣል። በሩ ራሱ አስተማሪ ይሆናል። ይህ ልምምድ ወደ መንገድ ሮጦ መውጣትንም አብሮ ያስቀራል፤ ክፍት በር ማለት መሮጥ ሳይሆን መቀመጥ ይሆናልና።

ውሻ የሚፈራ እንግዳ ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም አንዳንዴ ከልጅነት ንክሻ የመጣ ነው። «አይነክስም፣ አትፍሩ» ብሎ ውሻውን መልቀቅ ነውር ነው። በእነዚህ ሰዎች ፊት ውሻው ጆንያው ላይ ታስሮ የሚታኘክ ነገር ይሰጠው። ከሙስሊም ጎረቤቶች መካከል የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ ሶላት አይሰገድበትም የሚሉ አሉና፣ ውሻው እንዳይልሳቸው መጠበቅም የባለቤቱ ጨዋነት ነው።

የቡችላ ንክሻና ሽንት

ቡችላ ከ4 እስከ 6 ወር ጥርሱ ይለወጣል፣ ድዱ ያመዋል፣ ያገኘውን ያኝካል። እጅ ሲነክስ ጨዋታው ለ20 ሰኮንድ ይቁም፣ ተነስተው ይሂዱ፣ ተመልሰው የሚታኘክ ይስጡ። ውሃ ነክሮ ቋጥሮ ያቀዘቀዙት ጨርቅ ድዱን ያሳርፍለታል። አሮጌ ጫማ አይስጡት፤ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም።

ሽንቱን ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ በወር ዕድሜው ላይ አንድ የተጨመረበት ሰዓት ያህል ነው፤ የ3 ወር ቡችላ ከ4 ሰዓት አይዘልም። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከጨዋታ በኋላና በየ2 ሰዓቱ አንድ ቦታ ይውሰዱት፤ እዚያው ሲጨርስ «ጎሽ»። ቤት ውስጥ ከሸና አፍንጫውን ማሻሸት ከሰው ተደብቆ መሽናትን ብቻ ያስተምራል። ቦታውን በእኩል አቼቶና ውሃ ይጥረጉ። በረኪና አይጠቀሙ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

ዱላ፣ በርበሬና ሰንሰለት

ውሻን ኃይለኛ ለማድረግ በርበሬ ማብላት፣ ጨለማ ውስጥ ማሳደግ፣ ጆሮ መቁረጥ አሁንም ይነገራል። በርበሬ ሆድ ያቃጥላል እንጂ ሌባ አያስይዝም። ዱላም እንዲሁ፤ ውሻው የሚማረው ዱላ የያዘውን ሰው መፍራት ነው፣ ዱላ በሌለበት ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለበት አይማርም። የልጅ እጅ ፊቱ ላይ በድንገት ሲነሳ ግን ያ ፍርሃት ወደ ንክሻ ይለወጣል።

ቀኑን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት የሚውል ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃልና የቀረበውን ሁሉ በጥርሱ ያባርራል። ይህ ጥበቃ አይደለም። ፈትቶ ማዋል ካልተቻለ ቢያንስ በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥረው ሰንሰለቱ በላዩ እንዲንሸራተት ያድርጉ፣ ጥላና ውሃ ይኑረው፣ ቀን ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ይፈታ።

ሳይነካ የሚነክስ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ለትምህርት አይቀርብም፤ አይጠጉት፣ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ለባህል መድኃኒት ብሎ አንድ ቀን ማሳለፍ እንኳ ሕይወት ያስከፍላል።

የተማረ ውሻ ሌባ ይጠብቃል ወይ?

«ሰው ከለመደ ቤት አይጠብቅም» የሚለው ስጋት ብዙዎችን ከማስተማር ያግዳል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረት ግን ልክ ነው፤ ቤቱን የሚወድ ውሻ ለእንግዳ ድምፅ ይጮሃል፣ ለዚያ ማንም አያስተምረውም። ማስተማር ያለብን መቼ ማቆም እንዳለበት ነው። በየሌሊቱ ለድመትም ለቅጠልም የሚጮህ ውሻ እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ማንም አይነሳለትም።

ሲጮህ «ዝም በል!» ብሎ መጮህ አብሮ መጮህ ይመስለዋል። ሦስት አራት ጊዜ ይጩህ። ወጥተው ወደሚመለከትበት ይዩ፤ እሱ ያሳወቀውን እንዳዩ ይወቅ። ከዚያ ጉርሻ አፍንጫው ላይ አስጠግተው በለስላሳ ድምፅ «ጸጥ» ይበሉ። ሲያሸት መጮህ አይችልም። ሁለት ሰኮንድ ዝም ካለ «ጎሽ»። በቀጣዩ ቀን 5 ሰኮንድ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ ወደ ጆንያው መልሶ ማስተኛት። ቃሉ ሲጸና በየጊዜው መክፈሉን ያሳሱት፦ ከሦስት አንዱን፣ ከዚያ ከአምስት አንዱን፣ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ። ጥሪውን ግን ዕድሜውን ሙሉ በመጣ ቁጥር ይክፈሉት። ሌሊት ተረኛ ዘበኛ ካለ የጉርሻውን ዕቃ እሱ ጋ ያስቀምጡ።